ያልተገለበጠ ካርድ

ጠፍ። ከዚያ ዝም። ከዚያ ደግሞ ጠፍ።

ድምፁ የሚመጣው ከተዘጋው በር ኋላ ነበር። ቀጭን ነገር ከቦታው ተነሥቶ መልሶ ሲቀመጥ የሚያሰማው ዓይነት ድምፅ ነው። ላፕቶፔን ደረቴ ላይ አቅፌ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ አዳመጥኩ። ላንኳኳ ብዬ እጄን አነሣሁና መልሼ አወረድኩት። ቆጠራ ይመስል ነበር፤ ቆጠራ ደግሞ ያቋረጡበት ሰው ይቆጣል። ሰባተኛው ጠፍ ላይ ስደርስ ከውስጥ የሴት ድምፅ መጣ።

«ውጭ ቆመህ ከምትሰማ ገብተህ አትሰማም?»

ገባሁ። ክፍሉ ጠባብና ረጅም ነው። ከወለል እስከ ጣሪያ መደርደሪያ፣ መደርደሪያው ሁሉ ቡናማ ካርድ። መስኮቱ ጣሪያው ሥር ስለሆነ ብርሃኑ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል እንጂ ወደ ጎን አይሄድም። ነጭ ጋዎን የለበሱ፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ሴትዮ በርጩማ ላይ ቆመዋል። አንድ ካርድ ሳቡ፣ ራሱን ወደ ታች ገለበጡት፣ እዚያው ቦታው መልሰው ሰኩት። ጠፍ።

«የኮምፒዩተሩ ልጅ አንተ ነህ?»

«አዎ እትዬ።»

«ካርዶቼን ወዴት ነው የምትወስዳቸው?»

«ክላውድ ላይ ነው የምናስቀምጣቸው። ማለቴ... ሌላ ቦታ ያለ ትልቅ ኮምፒዩተር ላይ። ስሙ ነው ደመና የሚባለው።»

ከበርጩማው ወርደው መነጽራቸውን አደረጉና ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ።

«ሠላሳ አንድ ዓመት ከአይጥና ከጣሪያ ፍሳሽ ስጠብቀው የኖርኩትን ወረቀት ደመና ላይ ልትሰቅልልኝ ነው? ሲዘንብስ?»

ከዚያን ቀን ጀምሮ በክሊኒኩ ስሜ ደመና ሆነ። ዘበኛው በየጠዋቱ በሩን እየከፈተልኝ «ደመና፣ እንዴት ነው ዛሬ፣ ያካፋል ወይስ ያባራል?» ይለኝ ነበር። ሴትዮዋን ደግሞ ሠራተኛው ሁሉ እትዬ ካርድ ነው የሚላቸው። እሳቸውም ስሙን ወደውታል መሰለኝ፤ ስልክ ሲያነሡ ራሳቸው «እትዬ ካርድ ነኝ» ይላሉ።

እኔ የተማርኩት እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነው። ኮምፒዩተሩን በራሴ ነው የለመድኩት፣ አንዳንዱን ከመጽሐፍ፣ አብዛኛውን ከስህተት። ሰው ሲበዛ አፌ ይያያዛል፤ ማሽን ፊት ስቀመጥ ግን ሰዓቱ መቼ እንደሄደ አላውቅም። የክሊኒኩ ኃላፊ ያገኘኝ ማተሚያ ማሽኑን ስጠግንለት ነው። ለሕክምና መዝገብ የሚሆን ሶፍትዌር እንዳለ፣ ኮዱ ለማንም ክፍት እንደሆነ፣ ብዙ አገር ያሉ ሰዎች በነጻ እየጻፉ እንደሚያሻሽሉት የነገርኩት እኔ ነኝ። እሱም ወዲያው ያዘኝ።

«ሦስት ሳምንት አለህ» አለኝ። «የካርድ ክፍሉ የራጅ ክፍል ይሆናል፤ ግንቡን የሚያፈርሱት ሰዎች ቀን ተቆርጦላቸዋል። ካርዱን ሁሉ አስገባ። አሥር ዓመት ሙሉ ሳይታከም የቀረ ሰው ግን አይገባም፤ ወረቀቱም ጓሮ ወስደን እናቃጥለዋለን። ለማይመጣ ሰው ቦታ የለንም።»

ሰርቨሩን፣ ያን ትልቅ ኮምፒዩተር፣ አይቼው አላውቅም። የተከራየነው ከሩቅ ነው፤ የእኛ ድርሻ አድራሻውና የይለፍ ቃሉ ብቻ ነው። አንዳንዴ ዓይኔን ጨፍኜ አስበዋለሁ። ሰው የማይገባበት አዳራሽ፣ ረድፍ በረድፍ የቆመ ብረት ቁምሳጥን፣ ብልጭ የሚል አረንጓዴ መብራት፣ ቀን ከሌት የሚያፏጭ ነፋስ። እዚያ ውስጥ አንዲት ጠባብ ቦታ የእኛ ናት። የመጀመሪያው ቀን ዳታቤዙን አዘጋጅቼ፣ ሶፍትዌሩን ጭኜ፣ የሰዓት አቆጣጠሩን ወደ እኛው መልሼ ስከፍተው ገጹ «ታካሚ፦ 0» ብሎ ጠበቀኝ። ማንም ያልታመመበት ከተማ መሰለኝ። ትንሽ ቆየሁና ገጹን ዘጋሁት። ባዶነቱን አልወደድኩትም።

ሥራችንን የጀመርነው በማግስቱ ነው። እሳቸው ካርዱን ከመደርደሪያ እየሳቡ ያነባሉ፣ እኔ እተይባለሁ። ቁጥር፣ ስም፣ ዕድሜ፣ ሕመም፣ መጨረሻ የታየበት ቀን። የአንዳንዱን ካርድ ንባብ ሲጨርሱ «ቁም» ይላሉ፣ የአንዳንዱን «ገልብጥ»።

«ገልብጥ ምንድን ነው እትዬ?»

«የሞተ ነዋ! ካርዱ ራሱን ወደ ታች ይደረጋል። እዚሁ የተጀመረ ሥርዓት ነው፣ ከእኔ በፊት የነበሩት ሴትዮ ያስተማሩኝ። ሰው ሞተ ተብሎ ቦታው አይነጠቅም፤ ቁጥሩም ለሌላ አይሰጥም። ቤተሰቡ መጥቶ ሲጠይቅ ወረቀቱን ሳትገልጥ ገና ከሩቅ ታውቀዋለህ፤ ፊትህንም ቀድመህ ታስተካክላለህ።»

«መጀመሪያ የመጣሁ ቀን ስንት ሰው ነበር የገለበጡት?»

«ሰባት። ከቀበሌ ከሚላክልን ዝርዝር ላይ። አንተ ደግሞ ውጭ ቆመህ ስትቆጥር ነበር እንዴ?» ብለው ሳቁብኝ።

ሶፍትዌሩም ለዚህ ቦታ ነበረው። «ሞቷል» የምትል ትንሽ ሳጥን አለች፤ እሷን ምልክት ስታደርግባት የዚያ ሰው መዝገብ ይዘጋል። ገልብጥ ባሉ ቁጥር እኔ ሳጥኗን እጫናለሁ። ጥሩ ተግባባን። ከትልቁ ቁጥር ወደ ትንሹ እየወረድን በቀን ሦስት መቶ ካርድ እንጨርስ ነበር። ለአሥር ዓመት ያልመጣ ሲገኝ ስሙ በቀይ ይወጣል፤ ኃላፊው ከሥራ ከመውጣቱ በፊት ቀዩን ዝርዝር አይቶ «ይቃጠል» ይላል፣ ጓሮ ያለው በርሜል ይጨሳል፣ ሽታው በመስኮቷ ይገባል። እትዬ ያን ጊዜ ማንበብ ያቆማሉ። ጭሱ እስኪያልፍ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ይጠብቃሉ።

በሁለተኛው ሳምንት መጀመሪያ ላይ አራት ሺህ አሥራ ሰባት ቁጥር ላይ ደረስን። እትዬ ካርዱን ሳቡት፤ አላነበቡም። ከሌላው ካርድ ይልቅ ጠርዙ ያለቀ ነበር፣ እጅ ብዙ የነካው።

«እትዬ?»

«ይሄ የወንድሜ ነው» አሉ። «ማሙሽ ነው የምለው። እናታችን ስትሞት ሰባት ዓመቱ ነበር፤ እኔ ነኝ ያሳደግኩት። አስም አለበት። በየወሩ እዚሁ ነበር የሚታየው።»

«አሁንስ?»

«አሁን አሥራ አንድ ዓመት ሆነው። ቀትር ላይ ምሳውን በልቶ፣ ሳህኑን አጥቦ፣ መጣሁ ብሎኝ ወጣ። በዚህ ደጃፍ አልፎ ወደ ቀኝ ሲሄድ ያዩት አሉ፤ ከዚያ ወዲያ የለም።» ካርዱን አዩት። ቆሟል እንጂ አልተገለበጠም። «ያልፈለግኩበት ቦታ የለም። ሞተ ያለኝ ሰው የለም፤ አለ ያለኝም የለም። እና እኔ ምን ብዬ ልገልብጠው?»

መጨረሻ የታየበትን ቀን አየሁ። ዛሬ ከሰዓት ቁጥሩ በቀይ ይወጣል፣ ከዚያ በርሜል ነው።

«ደመና» አሉኝ። እንደ ቀልድ አልነበረም። «ሞተ ብለህ እንዳትጽፍብኝ። የለም ብለህም እንዳትተወው። ከአንተ ሌላ የምለምነው ሰው የለኝም።»

እንግዲህ ጥፋቱን የሠራሁት እዚህ ላይ ነው። ቀዩ ዝርዝር የሚያየው መጨረሻ የታየበትን ቀን ብቻ ነው። የዛሬ ቀን ያለበት አንድ የምርመራ ውጤት ካስገባሁለት ቁጥሩ ቀይ አይሆንም። የሕክምና መዝገብ ላይ ያልሆነ ነገር መጻፍ ነውር መሆኑን አውቃለሁ፤ ጣቴ ግን ቀድሞኝ ሄዷል። ቅጹን ከፈትኩ።

«ክብደቱ ስንት ነበር?»

«ስልሳ አንድ።» ካርዱን ሳያዩ ነው የመለሱልኝ።

ክብደት 61። ሙቀት 36.5። ትንፋሽ በደቂቃ 18። የታየበት ቦታ የሚለው ባዶውን አልታለፍ ሲለኝ «ካርድ ክፍል» ብዬ ጻፍኩ። አስቀምጥ የሚለውን ስጫን ሰዓቱ ዘጠኝ ከአሥር ነበር። ሶፍትዌሩ ምንም ሳይጠራጠር ተቀበለኝ። እትዬ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ፤ ወዲያው ቀጣዩን ካርድ ማንበብ ጀመሩ፣ ድምፃቸው ትንሽ ከፍ ብሎ።

በማግስቱ ከሰዓት፣ የገባው ሁሉ በትክክል መግባቱን ሳረጋግጥ፣ አራት ሺህ አሥራ ሰባት ላይ ሁለት ምርመራ አየሁ።

ሁለተኛው የዚያኑ ዕለት ነበር። ዘጠኝ ከአሥር። ክብደት 60። ሙቀት 36.4። ትንፋሽ 20። የታየበት ቦታ፦ ካርድ ክፍል። ያስገባው ሰው፦ አድሚን። አድሚን ማለት እኔ ነኝ፤ ሌላ የለም። ዘጠኝ ከአሥር ላይ ደግሞ እኔ ሻይ ልጠጣ ወጥቼ ከዘበኛው ጋር ቆሜ ነበር።

ሶፍትዌሩ የመጀመሪያውን ደግሞ ጽፎት ይሆናል አልኩ። ግን ቢደግመው ስልሳ አንድ ይል ነበር። ሰረዝኩትና ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።

በሦስተኛው ቀን የሰረዝኩት ተመልሶ ከሥሩ ሌላ ተጨምሯል። 59። 36.2። 22። ይህ ሶፍትዌር እንዲህ ነው የተሠራው፣ ምንም ነገር ፈጽሞ አያጠፋም፤ ሰረዝክ ሲባል ይሸፍነዋል እንጂ። የተሸፈነውን ደግሞ ሊገልጠው የሚችለው አድሚን ብቻ ነው። የይለፍ ቃሉን ቀየርኩ። ማን እንደገባ የሚመዘግበውን ሎግ መስመር በመስመር አነበብኩ። ከውጭ የገባ ሰው የለም። በዚያች ደቂቃ ምርመራውን ያስገባው አድራሻ የሰርቨሩ የራሱ ነበር። በሌላ አነጋገር፣ ማንም ከበር አልገባም፤ የገባው ከውስጥ ነው።

ያን ቀን ቤቴ ገብቼ መብራት ሳላበራ ተቀመጥኩ። ብቻዬን መኖር ለምጃለሁ፤ እንዲያውም እወደዋለሁ። ያን ቀን ግን ግድግዳው ወዲያ ማዶ ጎረቤት ሲያስል ሰምቼ ደስ አለኝ።

ለእትዬ ልነግራቸው አልፈለግኩም። ግን በአራተኛው ቀን ከምሳ ሲመለሱ ራሳቸው መጡብኝ።

«የማሙሽን አሳየኝ እስቲ። ደመናው ላይ እንዴት እንደሚመስል ልየው።»

«ቆይ እትዬ፣ ይቺን ልጨርስና...»

«ፊትህ ምን ሆነ? አጠፋኸው እንዴ?»

«አላጠፋሁትም።»

«እኮ አሳየኛ!»

ከፈትኩላቸው። መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ። የሚጮኹ መስሎኝ ነበር፤ ይቀመጡበት ዘንድ ወንበር ሁሉ ሳብኩ። እሳቸው ግን እንደማንኛውም ካርድ፣ እንደ ሥራቸው ነው ያነበቡት፣ ጣታቸውን ከቁጥር ቁጥር እያስኬዱ።

«ክብደቱ ወርዷል» አሉ በመጨረሻ። «ትንፋሹም እየፈጠነ ነው። ሃያ ስምንት ሲገባ ነበር ይዤው የምሮጠው።»

«እትዬ፣ ይሄን እኔ አልጻፍኩትም። የመጀመሪያውን ብቻ ነው።»

«አውቃለሁ። አንተ ከየት አምጥተህ ትጽፈዋለህ? ሁልጊዜ ከክብደቱ ነው የሚጀምረው፣ ሕመሙ ሲነሣ።» ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። «ስንት ሰዓት ላይ ነው?»

«ዘጠኝ ከአሥር።»

አብረን ጠበቅን። ዘበኛው ያመጣላቸውን ሻይ በሁለት እጃቸው ይዘው ነበር፤ እኔ እጆቼን ብብቴ ሥር ከትቼ ነበር፣ ለራሴም ምስክር እንዲሆነኝ። ላፕቶፑን የነካ ሰው የለም። ከላይ የሚወርደው ብርሃን አቧራውን ያሳያል። ዘጠኝ ከአሥር ሲሆን ገጹ አንዴ ርግብ አለና አዲሷ መስመር እዚያ ነበረች። እንደተጻፈች አላየንም። ሳትኖር ቆይታ ኖረች።

58። 36። 25።

«መድኃኒቱን እዘዝለት» አሉኝ።

«እኔ ሐኪም አይደለሁም እኮ።»

«ሐኪሙ ያዘዘለትን ነው የምልህ! ይኸው ካርዱ ላይ፣ ፊርማ አለው፣ ማኅተም አለው። የሚነፋውን፣ ጠዋት ሁለቴ ማታ ሁለቴ። በአፉ ሲስበው እስከ አሥር ቆጥሮ ይያዘው በልልኝ። ሁልጊዜ አምስት ላይ ይለቀዋል፣ ችኩል ነው።»

ጻፍኩ። «እስከ አሥር ቆጥሮ ይያዘው» የምትለዋን ማስታወሻ ላይ ሳይቀር ጻፍኳት። እየጻፍኩ አንድ ሰው ከኋላዬ ሆኖ ተራ የሚጠብቅ መሰለኝ።

በማግስቱ ትንፋሹ ሃያ አንድ ሆነ። በሳምንቱ መጨረሻ አሥራ ዘጠኝ። ክብደቱም ስልሳ ገባ።

እትዬ ካርድ እንዲያ ሲስቁ አይቼ አላውቅም። ዳቦ ይዘውልኝ መጡ፣ ፀጉሬን እንድቆረጥ መከሩኝ፣ «አንተን የምታገባ ሴት መቼም የምታወራው ከግድግዳ ጋር ነው» ብለው ቀለዱብኝ። ካርዱን እያነበቡ ሳለ ስምንት ሰዓት ተኩል ሲል ድምፃቸው ይቀንሳል፤ ዘጠኝ ሲል ጭራሽ ያቆማሉ። እኔም ከእሳቸው ጋር እጠብቅ ጀመር። እውነቱን ለመናገር፣ ፍርሃቱ አልለቀቀኝም፤ ግን ጠዋት ስነሣ መጀመሪያ የማስበው የዚያን ሰው ትንፋሽ ነበር። ደኅና አድሮ ይሆን እያልኩ። በሕይወቴ ለማንም እንዲህ ብዬ አላውቅም።

ካርዱን ጨርሰን አዲሱን መዝገብ ሥራ ልናስጀምረው አንድ ቀን ሲቀረን ኃላፊው ቢሮው ጠራኝ። ጠረጴዛው ላይ ከሶፍትዌሩ ያወጣው ሪፖርት ነበር፤ አንዷን መስመር በእስክሪብቶ ከቧታል።

«ገና ሥራ ባልጀመረ መዝገብ ላይ አንድ ሰው አሥራ አንድ ቀን በተከታታይ ታክሟል ይላል። ማን ነው ያየው?»

ወረቀቱን ወደ እኔ ስቤ ቁጥሩን አየሁ።

«ትጫወትብኛለህ እንዴ? ይሄ ሪፖርት ለበላይ አካል ነው የሚሄደው።»

«የመጀመሪያውን እኔ ነኝ ያስገባሁት። ካርዱ እንዳይቃጠል ብዬ ነው። የቀረውን ግን...»

«የቀረውን ማን?»

«አላውቅም።»

ወረቀቱን መልሶ ሳበው። ከዚያ ቁጥሩን አነበበና ድምፁ ወረደ። «አራት ሺህ አሥራ ሰባት። የእትዬ ወንድም ነው አይደል?» ወንበሩ ላይ ወደ ኋላ ተለጠጠ። «እኔም አብሬያቸው ፈልጌዋለሁ። ያን ጊዜ ገና ተቀጥሬ ነው። ሆስፒታል ለሆስፒታል፣ ሬሳ ክፍል ለሬሳ ክፍል። በእያንዳንዱ በር ላይ እሳቸው ውጭ ይቆማሉ፣ ገብቼ የማየው እኔ ነኝ። ስወጣ ዓይኔን ነው የሚያዩት።» ፊቱን በእጁ አሸው። «ስማ። ነገ ከሥራ መውጫ በፊት ሞቷል በለውና ዝጋው። ለእሳቸውም ይሻላቸዋል። አንተ ካላደረግከው እኔ አደርገዋለሁ፤ አንተም ነገ የመጨረሻህ ይሆናል።»

ወርጄ ለእትዬ የተባልኩትን ሁሉ ነገርኳቸው። መደርደሪያው ባዶውን ነበር፤ ድምፃችን ከግድግዳው ይመለሳል። እሳቸው ግን መጀመሪያ የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ሳጥኗን ከነካሃት በኋላ፣ ዘጠኝ ከአሥር ላይ ቢመጣስ?»

«አይቀበለውም። የሞተ ተብሎ የተዘጋ መዝገብ አዲስ ምርመራ አይቀበልም።»

«በሩን ዘጋንበት ማለት ነው።»

«አዎ እትዬ።»

«አንተም ከሥራ ትወጣለህ፣ ካልዘጋኸው።»

ላፕቶፔን ዘጋሁት።

የመጨረሻው ቀን ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ መጡ። ጋዎናቸው ታጥቦ ተተኩሷል። ከወንበሬ እንድነሣ በእጃቸው አመለከቱኝና እሳቸው ተቀመጡበት።

«እኔ ራሴ ነኝ የምነካው» አሉ። «በሌላ ሰው እጅ ከሚሆን።»

ማውሱን እንዴት እንደሚይዙ አሳየኋቸው። ሠላሳ አንድ ዓመት ካርድ የሳበ እጅ ነው፤ ማውሱን ግን ወፍ እንደያዘ ሰው ነበር የያዙት፣ እንዳይጎዱት ወይም እንዳያመልጣቸው። ቀስቷ ገጹ ላይ ቀስ ብላ ሄዳ ሳጥኗ ላይ አረፈች።

«እዚህ ጋ ነው?»

«እዚያ ጋ። አንዴ ብቻ መጫን ነው።»

ኃላፊው መጥቶ በሩ ላይ ቆመ፤ አልገባም። ሰዓቱ ዘጠኝ ከአምስት ይላል። እትዬ ጣታቸውን አላነሡም፣ አልተጫኑምም።

«የዛሬን ልየውና» አሉ።

ኃላፊው ሰዓቱን አየና መቃኑን ተደገፈ። ጠበቅን፣ ሦስታችንም። ከውጭ ዘበኛው በስልክ ከልጁ ጋር ሲሳሳቅ ይሰማል። ከእኔ ጀርባ ያለው ባዶ መደርደሪያ እንጨቱ ቀጭ አለ። ዘጠኝ ከሰባት። ዘጠኝ ከዘጠኝ። ልቤ ምቷን ስታፋጥን ቆጠርኳት፤ ሃያ ስምንት ላይ ጠፋብኝ።

ገጹ ርግብ አለ።

አዲስ መስመር ነበረች፤ ግን ክብደት የለም። ሙቀት የለም። ትንፋሽ በሚለው ቦታ ባዶ ነው። የእትዬ እጅ ማውሱ ላይ እንዳለ ቀረ። እኔ ራሴ እንዳይወድቁ ከኋላቸው የወንበሩን ድጋፍ ያዝኩ። ከዚያ ዓይኔ ወደ ታች ሄደ። ከቅጹ ግርጌ እኔም ልብ ብዬ የማላውቃት፣ አንድም ቀን ተሞልታ ያላየናት መስመር አለች። ዛሬ ተሞልታለች።

አስታማሚ፦ እህት።

እትዬ ካርድ አነበቡት። ደግመው አላነበቡትም፤ አንዴ በቃቸው። ጣታቸውን ከማውሱ ላይ አንዱን ከአንዱ እየለዩ አነሡ። ተነሡ። ጋዎናቸውን አወለቁ፣ ለሁለት አጠፉት፣ ወንበሩ ላይ አስቀመጡት።

«ነኩት?» አለ ኃላፊው። «እትዬ፣ ጨረሱ?»

በአጠገቡ አለፉ። እሱም መንገድ ለቀቀላቸው፤ ለምን እንደለቀቀ እሱም የሚያውቅ አይመስለኝም። ኮሪደሩ ላይ እርምጃቸው አልቸኮለም። እንደ ወትሮው ለተራ ጠባቂዎቹ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ሰላም እያሉ ሄዱ። እኔ ተከትዬ እስከ ደጃፉ ወጣሁና እዚያው ቆምኩ።

ዘበኛው ስልኩን ከጆሮው አራቀ። «እትዬ፣ ገና በጊዜ? ምነው፣ ደመናው ሊዘንብ ነው?»

በሩን ራሳቸው ከፈቱት። ፀሐዩ አስፋልቱ ላይ ተኝቷል። ወደ ቤታቸው የሚወስደው ወደ ግራ ነበር፤ ወደ ቀኝ ታጠፉ፣ መንገዱን በደንብ እንደሚያውቅ ሰው።